መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን እዩ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ተንደርድሮ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ለሥልጠና፣ ግማሹ ለግምገማ የመጣ ይመስለኛል። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ በከተማው ብትዘዋወሩ በየሆቴሉ በር ባነር ተሰቅሎ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በረንዳው ላይ ሻይ ቡና ሲል ታገኛላችሁ። እኔም እንጀራዬ ከዚሁ ነው። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሂሳብ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። አንዳንዱ ሥልጠና ምንጣፍ በተነጠፈበት የሆቴል አዳራሽ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወንጂ ወይም ሞጆ ወርጄ፣ ወንበሩ በሚንቋቋ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ።

በቅርቡ አንድ ወጣት ባልደረባ አብሮኝ እንዲያሠለጥን ተመደበ። ላፕቶፕ እንዲገዛለት ተፈቀደና ምርጫው ለእርሱ ተተወ። ከሱቅ የተሰጠውን ዝርዝር ይዞ መጣና «እትዬ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ራሙ፣ ስለ ግራፊክስ ካርዱ፣ ከቁልፎቹ ሥር ስለሚበራው ቀይ መብራት ሳይቀር ተጽፏል። በጎኑ ስላሉት መሰኪያዎች ግን አንዲት ቃል የለችም።

«ይህ የጨዋታ ማሽን ነው» አልኩት።

«ቢሆንም ፈጣን ነው እኮ እትዬ።»

ፈጣንነቱን ማን ካደ? ስላይድ ለመግለጥ ግን ያን ያህል መሮጥ አያስፈልግም። ለገለጻ የሚሆን ላፕቶፕ የሚመረጠው ከገመዱ ወዲያኛው ጫፍ ተነሥቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮርኒሱ ላይ የተሰቀለው ፕሮጀክተር ምን ዓይነት ገመድ ይቀበላል? ሶኬቱ ከመድረኩ ምን ያህል ይርቃል? መስኮቱ መጋረጃ አለው? ሰነዱ የተጻፈው በየትኛው ፎንት ነው? እነዚህን የመለሰ ሰው ሱቅ ሲገባ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ያልመለሰ ግን ሻጩ የፈለገውን ገዝቶ ይወጣል።

ከገመዱ ልጀምር። ቪጂኤ የሚባለው፣ 15 እግር ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚጠብቀው ሰማያዊ መሰኪያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ካወጣቸው ኮምፒውተሮች ጋር የመጣ ነው። ዕድሜው ከብዙዎቹ ሠልጣኞቼ ይበልጣል። ላፕቶፕ ሠሪዎች ከተዉት ቆይተዋል፤ የእኛ አዳራሾች ግን አልተዉትም። አዳራሹ ሲሠራ ገመዱ በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል፤ ፕሮጀክተሩ ቢቀየር እንኳ ለገመድ ሲል ግድግዳ የሚፈለፍል ባለሆቴል ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ያቺ ሰማያዊ ራስ ከመድረኩ ጠረጴዛ ሥር ብቅ ብላ ትጠብቃችኋለች፣ አንዳንዴም አንድ እግሯ ተጣሞ። ቪጂኤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቀለም በየራሳቸው እግር ስለሚልክ አንዱ ሲጣመም ወይም ሲላላ ምስሉ ቀለሙን ይቀይራል። ሰማያዊው ከጎደለ ነጩ ስላይድ ቢጫ ይሆናል፤ አረንጓዴው ከጎደለ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ሰው ከማስጠራታችሁ በፊት ገመዱን ነቅላችሁ የተጣመመ እግር መኖሩን እዩ።

አዳዲሶቹ አዳራሾች ኤችዲኤምአይ አላቸው። ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ያሳልፋል። ቪጂኤ የሚያሳልፈው ምስል ብቻ ስለሆነ ቪዲዮ የምታሳዩ ከሆነ ለድምፁ ሌላ ገመድ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ድምፅ ማጉያው መዘርጋት አለበት። ያ ገመድ በሌለበት አዳራሽ ማይክሮፎኑን ላፕቶፑ ላይ ደግኖ የሚቆም አስተናጋጅ ታያላችሁ። ቪዲዮው እስኪያልቅ እጁ ሲዝል ሳይ አብሬ እዝላለሁ።

ሦስተኛው ዩኤስቢ ሲ ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም እርሱ ነው። ቀዳዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሥራው ግን ይለያያል። አንዱ ባትሪ ብቻ ይሞላል፣ ሌላው ፋይል ያስተላልፋል፣ ሌላው ምስልም ይልካል። ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ምልክት ወይም «ዲ» እና «ፒ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጣመሩበት የዲስፕሌይፖርት ምልክት ካለ ምስል እንደሚልክ ተስፋ አድርጉ። ምልክት ከሌለ ደግሞ ሻጩ «ይሠራል» ስላለ ብቻ አትመኑ፤ ሱቁ ውስጥ ካለ ስክሪን ጋር አገናኝቶ ያሳያችሁ።

ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠው ትንሽ አዳፕተር የሁላችንም ነፍስ አዳኝ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ አዳፕተሩ ውስጥ ምልክቱን የሚተረጉም ሰርኪት አለ። አንደኛ፣ ሰርኪቱ ይሞቃል፣ ርካሹም ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ሁለት ያዙ። ሁለተኛ፣ የሚተረጉመው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው ሌላ ዕቃ ነው። ሲያዩአቸው ስለሚመሳሰሉ ሻጭ አንዱን በሌላው ቦታ ሲሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ታዲያ ቪጂኤ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼ ለምን አልገላገልም?» ብሎ ጠየቀኝ ባልደረባዬ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ ቪጂኤ ያላቸው ጥሩ የቢሮ ማሽኖች አሉ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ጂ4 ቪጂኤ አላቸው። ችግሩ ፕሮሰሰራቸው ነው፤ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ኢንቴል ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ኤችፒ 8ኛውን ትውልድ በያዘው ጂ5 ላይ ሲደርስ ቪጂኤውን አንሥቶ ኤችዲኤምአይ አስገባ። የእኛ አዳራሽ የሚፈልገው መሰኪያና ዊንዶውስ የሚፈልገው ፕሮሰሰር በአንድ ማሽን ላይ ሳይገናኙ ተላለፉ ማለት ነው።

የተገናኙበት ማሽን ግን አለ። ዴል ላቲቲውድ 5490 ቪጂኤም፣ ኤችዲኤምአይም፣ ምስል የሚልክ ዩኤስቢ ሲም አለው። ክብደቱ ከ1.6 ኪሎ ግራም ይጀምራል። ዝናው እንደ ወንድሙ እንደ 7490 አይደለም፤ 7490 ቀጠን ያለ፣ ለሥራ አስኪያጅ የተሠራ ነው፣ ቪጂኤ ግን የለውም። 5490 ሲገዛ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በዚሁ ስም 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይዞ የወጣም ስላለ፣ የፕሮሰሰሩ ቁጥር በ8 መጀመሩን፣ ለምሳሌ አይ5 8250 ወይም 8350 መሆኑን፣ ከተለጣፊው ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ከፍታችሁ አንብቡ። ተለጣፊ ከየትም ተነቅሎ የትም ይለጠፋል።

መብራት። በአዳማ ገለጻ የሚያቀርብ ሰው መብራት እንደሚጠፋ አስቦ ይነሣል። ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ፕሮጀክተሩ ይሞታል፤ ከተነሣም በኋላ አምፖሉ በርዶ እንደገና እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጃል። በዚህ መሐል ላፕቶፑም አብሮ ከሞተ ሠልጣኙ ስልኩን ያወጣል፤ ስልኩን ያወጣ ሠልጣኝ ደግሞ እስከ ምሳ አይመለስም። ስለዚህ ባትሪው ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይሆን። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ከዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ፤ የሚከፈልበት ፕሮግራም አያስፈልገውም፣ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ የሚይዘው። 60 ዋት ሰዓት የነበረው 30 ከሆነ ግማሽ ባትሪ እየገዛችሁ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ን የሚወዱ ባልደረቦች አሉኝ። ምክንያታቸውም ትክክል ነው፤ አንድ ባትሪ በውስጡ፣ ሌላ ተነቃይ ባትሪ በጀርባው ስላለው የጀርባውን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መቀየር ይቻላል። ቪጂኤ ስለሌለው ግን አዳፕተር ይከተለዋል።

ስለ ሶኬትም አንድ ነገር። ከዱባይ የመጡ ላፕቶፖች ቻርጀራቸው ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ሰው ሁሉ መሐል ላይ መለወጫ ይሰካበታል፤ መለወጫው ይላላል፣ አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ ይነካዋል፣ ቻርጁ ይቋረጣል። የብዙዎቹ ቻርጀር ገመድ ከጥቁሩ ሳጥን ተነቃይ ስለሆነ ያንን ክፍል ብቻ በእኛ ሶኬት ልክ በተሠራ መቀየር በቂ ነው። በጣም ርካሽ ነው፤ ግን ማንም አያደርገውም። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ስክሪኑን በሁለት ዓይን እዩት። አዳማ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ አዳራሾቿም መስኮታቸው ሰፊ፣ መጋረጃቸው ስስ ነው። የሚያብረቀርቅ ስክሪን መስኮት ከጀርባችሁ ሲሆን የራሳችሁን ፊት ያሳያችኋል። የማያብረቀርቅ ይሁን፤ ብሩህነቱም 300 ኒትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ሌላው ዓይን ለምስሉ ጥራት ነው። እነዚህ የቢሮ ማሽኖች በአንድ የሞዴል ስም ሁለትና ሦስት ዓይነት ስክሪን ይዘው ወጥተዋል። 1366 በ768 የሆነው ርካሹ ከጎን ወይም ከታች ሲታይ ቀለሙ ይገለበጣል፤ 1920 በ1080 የሆነውን ፈልጉ። ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ነጭ ገጽ ክፈቱና ስክሪኑን ወደ ኋላ እያዘነበላችሁ ተመልከቱ።

«ምስሉ የሚወጣው በፕሮጀክተር አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ነው። አቅራቢው ግን የሚያየው የራሱን ስክሪን ነው። ፓወርፖይንት ለሠልጣኙ ስላይዱን ብቻ፣ ለአቅራቢው ደግሞ ማስታወሻውን፣ ቀጣዩን ስላይድና ሰዓቱን ማሳየት ይችላል። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ስክሪኖች የተለያየ ነገር እንዲያሳዩ ሲደረግ ነው፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና የእንግሊዝኛውን «ፒ» ፊደል አንድ ላይ ተጭናችሁ «ማራዘም» የሚለውን ምረጡ። ማስታወሻቸውን በወረቀት ይዘው ከወረቀትና ከስክሪን መሐል አንገታቸውን ሲያወዛውዙ የሚውሉ አቅራቢዎች ይህን ቢያውቁ ምናለ እላለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ፊደላችን።

ሥልጠናዬ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። በአብዛኛው ስላይዶቼ ግራው በአንዱ፣ ቀኙ በሌላው ይጻፋል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። አማርኛው ነው የሚያዘው። ግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ የድሮ መመሪያ ቀድቶ ስላይድ ላይ የሚለጥፍ ሰው ችግሩንም አብሮ ይለጥፋል።

በዩኒኮድ የጻፈም ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ብዙዎቻችን የለመድነው ኒያላን ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ኒያላ ተጨማሪ ሆኗል፤ ኮምፒውተሩ ላይ አማርኛ ቋንቋ ካልተጨመረ ላይኖር ይችላል። በቦታው ኤብሪማ ይተካል። ኤብሪማ ይነበባል፤ ነገር ግን ስፋቱ ስለሚለይ መስመሩ ይሰበራል፣ ሠንጠረዡ ይፋለሳል፣ የመጨረሻው ረድፍ ከስላይዱ ወጥቶ ይንጠለጠላል። የሂሳብ ሠንጠረዥ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ድምር ነው። አንድ ጊዜ በአዳራሹ ኮምፒውተር እንድንጠቀም ተገድደን ስለ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም ከተበዳሪ ስለሚሰበሰብ ገንዘብ፣ የሚያስረዳው የድሮ ገጽ የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኖ ወጣ። አንድ አዛውንት የማኅበር ሰብሳቢ መነጽራቸውን አስተካክለው ትኩር ብለው አዩትና «ልጄ፣ ዕዳችን በየትኛው አገር ቋንቋ ነው የተጻፈው?» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ተበዳሪዎቹ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሳቁ።

ለዚህ ነው የራስን ላፕቶፕ ይዞ መሄድ የቅንጦት ጉዳይ ያልሆነው። በሌላ ሰው ማሽን ላይ መክፈት ግድ ከሆነ ፓወርፖይንት ሲያስቀምጥ ፎንቱን ሰነዱ ውስጥ እንዲያካትት ምርጫ አለው፤ ከዚህ በተጨማሪ የፒዲኤፍ ቅጂ ይኑራችሁ። ደግሞም ፍላሽ አለ። በየአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ፋይሉ ተደብቆ፣ በቦታው አቋራጭ ምልክት ብቻ ተደርድሮበት ሊመለስ ይችላል። ያንን ፍላሽ ወደ ቢሮ ይዞ የሚገባ ሰው ቫይረሱን ለባልደረቦቹ ሁሉ ያድላል።

ስለ ቀሪው አጭር ልበል። ራም 8 ጊጋባይት ለስላይድ ይበቃል፤ ትልልቅ ኤክሴል የሚከፍት 16 ያድርገው። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ክፍል አለው፤ ኮብልስቶን ላይ የሚነጥር ባጃጅ ውስጥ ከበራ ላፕቶፕ ጋር መቀመጥ ለእርሱ ቅጣት ነው። ክብደት ከሁለት ኪሎ ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። የጨዋታ ማሽን ላይ ስትወስኑ ጡብ የሚያህለውን ቻርጀሩንም አብራችሁ መዝኑ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

ማክቡክ ኤርን የሚጠይቁኝም አሉ። ኤም2 ከሚባለው ጀምሮ ያለው ባለ 13 ኢንቹ 1.24 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ማራገቢያ ስለሌለው ዝም ይላል፣ ባትሪውም ያስቀናል። ለሰው እንጂ ለእኔ አይሆንም። የማኅበራቱ ሂሳብ የሚሠራው ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፣ እኛ ግን እስካሁን ፒችትሪ ነው የምንለው፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የስላይድ መቀያየሪያዬ ተቀባይ የሚሰካው በተለመደው ሰፊ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው፤ ማክቡክ ኤር ያ ቀዳዳ የለውም። ለፕሮጀክተሩ አንድ አዳፕተር፣ ለመቀያየሪያው ሌላ አዳፕተር ይዤ ስዞር ቀጭንነቱ የት ሄደ?

ከባልደረባዬ ጋር ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። መጀመሪያ ያቀረበልን ያንኑ ባለ ቀይ መብራቱን የጨዋታ ማሽን ነበር። «እናቴ፣ ይህ እኮ ማንኛውንም ጌም ያጫውታል» አለኝ።

«እኔ የማጫውተው የሂሳብ ሚዛን ነው» አልኩት። ሳቀና ከኋላ መደርደሪያ ላይ የነበሩትን የቢሮ ማሽኖች አወጣልን። ከመካከላቸው አንድ 5490 ተገኘ። ከቦርሳዬ የቪጂኤ ገመዴን አውጥቼ ሱቁ ውስጥ ካለው አሮጌ ስክሪን ጋር አገናኘሁት፤ ምስሉ ወጣ፣ ቀለሙ ሙሉ ነበር። የፕሮሰሰሩ ቁጥር በ8 ይጀምራል። የባትሪ ሪፖርቱ ላይ ሲደርስ የልጁ ትሕትና ቀዝቀዝ አለ፤ ባትሪው ሲሶውን ያህል አቅሙን ጥሎ ነበር። ባልደረባዬ በዚያ ላይ ዋጋ አስቀነሰ። እንደዚያ መከራከር እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ ለብድር ማስመለስ ሥልጠናው እርሱን ነው የማሰልፈው።

በተረፈው ብር ሁለት አዳፕተር፣ ለእኛ ሶኬት የሚሆን የቻርጀር ገመድ፣ ረዥም ማከፋፈያና ለድምፅ የሚሆን ገመድ ገዛን። ማታውኑ ባልደረባዬ ዊንዶውሱ ላይ አማርኛ ቋንቋ ጨመረ፤ ኒያላ መጣ። ሰኞ ወንጂ ላይ የመጀመሪያውን ክፍል እርሱ ያቀርባል። የስላይድ መቀያየሪያ ግን አልገዛም፤ የእኔን እንዳውሰው እየለመነኝ ነው። አላውስም፤ ራሱ ይግዛ።